የይስሙላ ምክክር ፍርድ ቤት ሲቀርብ

በእንግሊዝ አገር አንድ አዛውንት በገዛ ቤታቸው ሆነው ጠዋት የሚያነሣቸው፣ የሚያጥባቸውና ቁርስ የሚያቀርብላቸው ሰው ካስፈለጋቸው ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት ለአካባቢያቸው ምክር ቤት ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት ወጣት ቀኑን የምትውልበት ማዕከል፣ ወደዚያ የሚያመላልሳት መኪና፣ ቤተሰቦቿ ትንሽ እንዲያርፉ የሚሰጣቸው እገዛ፣ ይህ ሁሉ የሚወሰነው እዚያው ምክር ቤት ውስጥ ነው። ሕክምና በአገር አቀፉ የጤና አገልግሎት በነጻ ይሰጣል፤ ማኅበራዊ እንክብካቤ ግን እንዲህ አይደለም። የሰውዬው ችግርም ገቢውም ይመዘናል፤ አቅም አለው የተባለ ይከፍላል። ወጪው ደግሞ የምክር ቤቶችን በጀት ክፉኛ ከሚጫኑት አንዱ ነው። ከ2010 (እ.ኤ.አ.፤ የእንግሊዝ ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወዲህ ማዕከላዊው መንግሥት ለአካባቢ አስተዳደሮች የሚሰጠውን ድጎማ ሲቀንስ፣ ምክር ቤቶች ከየትኛው አገልግሎት ላይ እንቀንስ የሚል ጭንቅ ውስጥ ገቡ። አገልግሎቱ ከመቀነሱ በፊትም ብዙ ጊዜ ለተጠቃሚዎቹ ደብዳቤና መጠይቅ ይላካል። ዕቅዳችን ይህ ነው፣ እርስዎ ምን ይላሉ ይላል።

ደብዳቤው የደረሰው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ በእርግጥ ሊሰሙኝ ነው ወይስ ነገሩ አልቆ ነው? የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ይህን ጥያቄ ላለፉት አርባ ዓመታት ሲመልሱት ቆይተዋል። ምክክሩ የይስሙላ ነበር ያሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ወላጆች ምክር ቤቶቻቸውን እየከሰሱ አንዳንዴ ረትተዋል፣ ብዙ ጊዜም ተረትተዋል። እነዚህ ክርክሮች አገልግሎት ያድናሉ ብሎ የሚጠብቅ ሰው መዝገቦቹን ሲያገላብጥ ቅር ይለዋል። በሌላ ሚዛን ሲመዘኑ ግን ትልቅ ዋጋ አላቸው። ሥልጣን የያዘ አካል በሰው ኑሮ ላይ ከመወሰኑ በፊት ያሰበውን ነገር ከነምክንያቱና ከነአማራጩ እንዲናገር ያስገድዳሉ። በጀት መመደብ የፍርድ ቤት ሥራ አይደለም፤ በጀት መዳቢው እውነቱን እንዳይሸፍን ማድረግ ግን ይችላል። የክሶቹ ጥቅም የሚለካውም በዚህ ነው።

ሕጉ የተወለደው ከእንክብካቤ ሳይሆን ከትምህርት ቤት ጠብ ነው። በ1985 የሰሜን ለንደኑ የብሬንት ምክር ቤት ትምህርት ቤቶችን ለመዝጋትና ለማዋሃድ ሲነሣ ወላጆች ከሰሱት። የወላጆቹ ጠበቃ ስቲቨን ሴድሊ አንድ ምክክር ፍትሐዊ ነው ለመባል አራት ነገሮችን ማሟላት አለበት ብለው ተከራከሩ፤ ዳኛው ሆጅሰንም ተቀበሏቸው። አንደኛ፣ ምክክሩ ሐሳቡ ገና በጥንስስ ላይ እያለ መደረግ አለበት። ሁለተኛ፣ ተጠያቂው አስቦ መልስ ለመስጠት የሚያስችለው በቂ ምክንያትና መረጃ ሊቀርብለት ይገባል። ሦስተኛ፣ ለማሰቢያና ለመመለሻ በቂ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። አራተኛ፣ የሰጠው መልስ ውሳኔው ከመጽናቱ በፊት በቅን ልቡና ሊታይ ይገባል። ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ በ1999 እነዚህ መመዘኛዎች በሌላ መዝገብ በይግባኝ ፍርድ ቤት ሲነሡ ሴድሊ ራሳቸው ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ሆነው ተሰይመው ነበር፤ ያ ችሎትም አራቱን መመዘኛዎች አጸናቸው። የዚያ መዝገብ ጭብጥ በኤክሰተር ከተማ የሚገኘው ማርደን ሐውስ የተባለ መኖሪያ ነበር። የጤና ባለሥልጣኑ ከባድ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች በ1993 እዚያ ሲያዛውር ዕድሜ ልካችሁን ትኖሩበታላችሁ ብሎ ቃል ገብቶላቸው ነበር፤ በ1998 ግን ሊዘጋው ወሰነ። ፍርድ ቤቱ በምክክሩ ላይ የቀረበውን ቅሬታ ሳይቀበል፣ ቃልን ማፍረስ ፍትሕ ማጓደል ነው ሲል የውሳኔውን መሻር አጸና። ምክክሩ ጉድለት ባይገኝበትም ውሳኔው በሌላ በኩል ሊወድቅ እንደሚችል ያ ፍርድ አሳይቷል።

ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። በእንግሊዝ ሕግ ምክር ቤት ሁሉን ነገር ሕዝብ እያማከረ ይሥራ የሚል አጠቃላይ ግዴታ የለም። ግዴታው የሚመጣው ከተወሰኑ ምንጮች ነው፤ አንድ ሕግ በግልጽ ሲያዝ፣ ምክር ቤቱ አማክራለሁ ብሎ ቃል ሲገባ፣ ከዚህ በፊት የማማከር ልማድ ሲኖረው፣ ወይም ሳያማክሩ መወሰን ግልጽ በደል ሲሆን። ለምሳሌ የ1999 የአካባቢ መንግሥት ሕግ ምክር ቤቶች አሠራራቸውን ስለሚያሻሽሉበት መንገድ ከነዋሪዎች ጋር እንዲመክሩ ያዛል። የ2010 የእኩልነት ሕግ በአንቀጽ 149 ደግሞ ማንኛውም የመንግሥት አካል ሲወስን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ለሌሎችም እኩልነት ተገቢውን ትኩረት እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ የተጎጂዎቹን ሁኔታ ሳይጠይቁ ይህን መፈጸም ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ሕጉ ጠበቅ የሚለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ምክር ቤቱ ግዴታ ሳይኖርበት በገዛ ፈቃዱ እንኳ ምክክር ከጀመረ በአግባቡ ሊያደርገው ይገባል። አማከርኩ ለማለት ያህል ማማከር አይፈቀድለትም።

የአንድ ደብዳቤ አጻጻፍ ምን ያህል ሊያከራክር እንደሚችል በደንብ የሚታየው በለንደኑ የሃሪንጌይ ምክር ቤት ጉዳይ ነው። ጭብጡ እንክብካቤ ሳይሆን ድሆች ለአካባቢ ምክር ቤት ከሚከፍሉት ግብር የሚያገኙት ቅናሽ ነበር፤ ዛሬ የእንክብካቤ ምክክሮች ሁሉ የሚለኩት ግን በዚያ ፍርድ ነው። በ2012 ማዕከላዊው መንግሥት አገር አቀፉን የግብር ቅናሽ ሊያስቀርና እያንዳንዱ ምክር ቤት ከሚያዝያ 2013 ጀምሮ የራሱን ደንብ እንዲያወጣ ሊያደርግ ወሰነ፤ የሚሰጠውንም ገንዘብ በአሥር በመቶ ገደማ ቀነሰ። ጡረተኞች እንዳይነኩ በሕግ ተጠበቁ። የሃሪንጌይ ምክር ቤት ወደ 36,000 ለሚጠጉ ቤተሰቦች ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው ይዘቱ ባጭሩ እንዲህ ነበር፤ መንግሥት ገንዘቡን ስለቀነሰ ለመሥራት በሚያስችል ዕድሜ ላይ የሚገኙ ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚያገኙት እርዳታ መቀነሱ ነው። የደብዳቤው አንባቢ ቅነሳው የማይቀር ዕዳ፣ የእርሱም ድርሻ በአከፋፈሉ ላይ ሐሳብ መስጠት ብቻ እንደሆነ አድርጎ ተረዳው። ምክር ቤቱ ግን ሌሎች መንገዶች ነበሩት። የሁሉንም ነዋሪ ግብር በጥቂቱ ከፍ ማድረግ፣ ከሌሎች አገልግሎቶች መቀነስ፣ ወይም ከተጠራቀመው መጠባበቂያ ገንዘብ መጠቀም ይችል ነበር። እነዚህን አይቶ ጥሏቸዋል፤ ለምን እንደጣላቸው ግን ለደብዳቤው ተቀባዮች አንድም ቃል አልነገራቸውም። መጨረሻ ላይ ከጡረተኞችና ከአካል ጉዳተኞች በስተቀር እያንዳንዱ ተጠቃሚ ቢያንስ 19.8 በመቶ የሚሆነውን ግብር ራሱ እንዲከፍል ተወሰነ።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጥቅምት 2014 ምክክሩ ሕገ ወጥ ነበር ተባለ። ሎርድ ዊልሰንና ሎርድ ሪድ የሰጡት ምክንያት ሲጨመቅ፣ ፍትሕ በሚጠይቅበት ጊዜ የተጣሉ አማራጮችና የተጣሉበት ምክንያት ጭምር ለተጠያቂው ሊነገሩት ይገባል የሚል ነው። ይህን ማለት ቀላል ቢመስልም ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ከሁለት መጥፎ ነገሮች አንዱን ምረጥ ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ካልተነገረው የሚሰጠው መልስ የእርሱ ሐሳብ አይደለም፤ አስቀድሞ በጠያቂው የተመረጠለት ነው። ደብዳቤውን ያነበቡት ሰዎች ደግሞ ኢኮኖሚስቶች ወይም የሕግ ባለሙያዎች አልነበሩም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ፣ የምክር ቤት በጀት እንዴት እንደሚሠራ ሊያውቁ የማይጠበቁ ሰዎች ናቸው። ፍርድ ቤቱም ይህን አገናዘበ፤ የሚጠየቀው ሰው አቅምና የመረጃ ዕድል ባነሰ ቁጥር የጠያቂው የማስረዳት ግዴታ እንዲከብድ አደረገ።

በእንክብካቤ ጉዳዮች ላይ ሌላው ጠንካራ መሣሪያ የእኩልነት ግዴታው ነው። እስከ 2015 ድረስ የእንግሊዝ ምክር ቤቶች የሰዎችን ችግር በአራት ደረጃ ይመድቡት ነበር፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከባድና እጅግ አስጊ። ከየትኛው ደረጃ ጀምሮ እርዳታ እንደሚሰጥ የሚወስነው እያንዳንዱ ምክር ቤት ስለነበር፣ ገንዘብ ሲያጥር መስመሩን ወደ ላይ ማንሣት ይቀናል። የለንደኑ የሃሮው ምክር ቤት እጅግ አስጊ ለሆኑት ብቻ እረዳለሁ ብሎ ሲወስን በ2007 ውሳኔው በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተሻረ፤ ለምክር ቤቱ ተመራጮች የቀረበው ሰነድ ለአካል ጉዳተኞች ያለባቸውን ግዴታ በቅጡ አላስረዳቸውም ነበርና። በ2011 ከእንግሊዝ ትልልቅ የአካባቢ አስተዳደሮች አንዱ የሆነው በርሚንግሃም ተመሳሳይ ውሳኔ ሲያሳልፍ አካል ጉዳተኞች ከሰሱት፤ ዳኛው ዎከርም ምክክሩንም ውሳኔውንም ሕገ ወጥ አሉት። ምክር ቤቱ ራሱን ያልጠየቀው ጥያቄ ነበረ፤ ይህ ለውጥ ተጎጂዎቹን ምን ያህል ይጎዳል፣ ጉዳቱስ ሌላ አማራጭ እንድንፈልግ የሚያስገድድ ነውን የሚለውን። የ2014 የእንክብካቤ ሕግ ከ2015 ጀምሮ ለመላው እንግሊዝ አንድ ዝቅተኛ መስፈርት ስላወጣ ያ ዓይነቱ ክርክር ቀርቷል። ዛሬ ሙግቱ የሚበዛው በሚከፈለው ክፍያ፣ በሚዘጉ የቀን መዋያ ማዕከላትና በሚቋረጡ የመጓጓዣ አገልግሎቶች ላይ ነው።

የማዕከላቱን ነገር የሽሮፕሻየር ጉዳይ በደንብ ይገልጠዋል። የካውንቲው ምክር ቤት የቀን አገልግሎቶችን በአዲስ መልክ ማደራጀት እፈልጋለሁ፣ ተጠቃሚዎች የራሳቸውን የእንክብካቤ በጀት እየያዙ ይመርጣሉ፣ አንዳንድ ማዕከላትም ይዘጋሉ ብሎ በጥቅሉ አማክሮ ነበር። ከዚያ በኋላ በሽሩስበሪ የሚገኘውን ሃርትሊስ የተባለ ማዕከል ለይቶ ለመዝጋት ሲወስን ግን ተጠቃሚዎቹን ስለዚያ ማዕከል ነጥሎ አልጠየቃቸውም። የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2014 ይህ ትክክል አይደለም አለ። ሰው ስለ አጠቃላይ ፖሊሲ ሲጠየቅና ስለሚውልበት ቤት ሲጠየቅ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ሰው ያ ማዕከል ጓደኞቹ፣ የለመዳቸው ሠራተኞችና የቀኑ ሥርዓት ያሉበት ቦታ ነው፤ ወላጆቹም በሌላ ቦታ ያለው አማራጭ ይህን ይተካል ወይስ አይተካም የሚለውን ከማንም በላይ ያውቁታል። ይህን እውቀት ሳይሰበስቡ መዝጋት ተጠቃሚውንም ይጎዳል፣ ውሳኔውንም ያበላሻል። ይሁንና ፍርዱ ሲመጣ ማዕከሉ ተዘግቶ ስለነበር ከሳሾቹ ያገኙት ምክር ቤቱ ጥፋተኛ መሆኑ መታወጁን ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ሆነ።

ታዲያ ምን ጥቅም አለው የሚለው ተቃውሞ የሚነሣው ከዚህ ነው። በሃሪንጌይም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምክክሩ ሕገ ወጥ ነበር ቢልም፣ ምክር ቤቱ እንደገና ያማክር ብሎ አላዘዘም። በዚያ ላይ በ2015 የወጣ ሕግ ስህተቱ ባይፈጸምም ውጤቱ በመሠረቱ ያው መሆኑ በጣም የሚገመት ከሆነ ፍርድ ቤቱ መፍትሔ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ምክር ቤቱ ቢሸነፍ እንኳ ወረቀቱን አስተካክሎ፣ እንደገና ጠይቆ፣ ያንኑ ቅነሳ ሊያሳልፍ ይችላል። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ ግን ሦስት ነገሮችን ይረሳል። አንደኛ፣ ሁሉም ክስ እንዲህ አያልቅም። በ2018 የብሪስቶል ምክር ቤት ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች ከሚመደበው በጀት ወደ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ሲቀንስ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሽሮታል። ሁለተኛ፣ ሁለተኛው ምክክር ከመጀመሪያው ጋር አንድ አይደለም፤ ተመራጮቹ የሚደርሰውን ጉዳት በግልጽ አንብበው እጃቸውን ለማንሣት ይገደዳሉ። ሳያውቁ መጉዳትና አውቆ መጉዳት በምርጫ ቀን የሚያስከፍሉት ዋጋ ይለያያል። ሦስተኛው ከሁሉም ትልቁ ነው። የሃሪንጌይ ፍርድ የሃሪንጌይን ሰዎች ብዙ ባይጠቅምም፣ ከዚያ በኋላ የምክር ቤት ሠራተኛ የምክክር ሰነድ ሲያዘጋጅ አማራጮቹንና የተጣሉበትን ምክንያት ሳይጽፍ ማለፍ አደጋ እንዳለው ያውቃል። የአንድ ፍርድ ፍሬ በስሙ የሚጠራውን አካባቢ አልፎ ብዙ አካባቢዎች ይደርሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዴሞክራሲ ነው። በጀት የሚያወጡት ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች ናቸው፤ ያልተመረጠ ዳኛ በምን ሥልጣኑ ያግዳቸዋል ይባላል። ይህ ስጋት ተገቢ የሚሆነው ዳኞቹ የቅነሳውን ጥበብ ቢመረምሩ ነበር፤ መዝገቦቹ የሚያሳዩት ግን ተቃራኒውን ነው። የሳልፎርድ ምክር ቤት አካል ጉዳተኛ አዋቂዎችን የሚያመላልሰውን የራሱን የመጓጓዣ ክፍል ለመዝጋት ሲያማክር ሰነዶቹ እንከን እንደነበረባቸው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2015 ተመልክቷል፤ ሆኖም ከተደረጉት ስብሰባዎችና ውይይቶች ጋር ሲታዩ ሰዎቹ ምን እንደተጠየቁ ተረድተዋል ብሎ ክሱን ጣለው። በ2009 የሃመርስሚዝና ፉልሃም ምክር ቤት የነዋሪዎችን ግብር በሦስት በመቶ እየቀነሰ በቤት ውስጥ ለሚሰጥ እንክብካቤ ክፍያ ሲያስከፍል ተጠቃሚዎች ከሰሱ። ሴድሊ በዚያም ችሎት ላይ ነበሩ፤ በምርጫው ቅር እንደተሰኙ ባይሸሽጉም ሕጉ ጣልቃ የሚገቡበት ምክንያት እንደማይሰጣቸው ተናግረው ከባልደረቦቻቸው ጋር ክሱን ውድቅ አደረጉ። ያ ክፍያ የቀረው በፍርድ አይደለም። በ2014 ምርጫ ምክር ቤቱን የያዘው ሌላ ፓርቲ በ2015 አነሣው። ይህ የሥራ ክፍፍሉን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ምን ይቀነስ የሚለው የመራጩ ነው፤ መራጩ ሲጠየቅ እውነቱ ይነገረው የሚለው የዳኛው ነው። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው ባዶ ይሆናል፤ ያልተነገረውን አማራጭ ማንም ሊመርጥ አይችልምና።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከገንዘብ የሚነሣ ነው፤ ለጠበቃና ለመጠይቅ የሚወጣው ገንዘብ ለእንክብካቤ ቢውል አይሻልም ወይ ይላል። የእንግሊዝ ምክር ቤቶች በጀታቸውን ማመጣጠን በሕግ ይገደዳሉ፤ እንደ ማዕከላዊ መንግሥት ለዕለት ወጪ መበደር አይችሉም። በ2018 ኖርዝሃምፕተንሻየር፣ በ2023 ደግሞ በርሚንግሃም ወጪያችንን መሸፈን አልቻልንም ብለው በይፋ አሳውቀዋል። ስለዚህ እጥረቱ የምር ነው፤ ምክክር ብቻውን አንድ ፓውንድ አይፈጥርም። ነገር ግን እጥረቱ በበረታ ቁጥር ስህተትም ይበዛል፣ ውድም ይሆናል። የቀን ማዕከሉ ሲዘጋ እናት ሥራዋን ትታ ቤት ብትውል፣ ወይም መጓጓዣ ያጣው ሰው ወድቆ ሆስፒታል ቢገባ፣ የተቀነሰው ገንዘብ በሌላ በር ተመልሶ ይወጣል። ይህን አስቀድሞ ሊያሳይ የሚችለው በአገልግሎቱ ተጠቃሚ እጅ ያለው መረጃ ነው። በአግባቡ የተደረገ ምክክር ከክርክር በኋላ ተሽሮ ከሚደገም ውሳኔ ይረክሳል፤ ወጪውን የሚያበዛው ማማከሩ ሳይሆን በችኮላ ማማከሩ ነው።

ከእነዚህ ተቃውሞዎች ይልቅ የሚያሳስበኝ የዚህ ሕግ ድክመት ሌላ ነው፤ በሩ ለሁሉም እኩል ክፍት አይደለም። ክስ መቅረብ ያለበት ሳይዘገይ፣ ቢበዛ በሦስት ወር ውስጥ ነው። የባርኔት ምክር ቤት ብዙ አገልግሎቶቹን ካፒታ ለተባለ የግል ኩባንያ ሊያስተላልፍ ሲል አንዲት ነዋሪ ከሰሱ። በ2013 ዳኛው አንደርሂል ክሱ በጊዜው ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ምክር ቤቱ የማማከር ግዴታውን አልተወጣም ብለው እንደሚፈርዱ ገለጹ፤ ቀኑ ግን አልፏል ብለው ጣሉት። የምክር ቤቶች ዓመታዊ ግብርም በጀትም እስከ መጋቢት አጋማሽ ገደማ ማለቅ ስላለባቸው የበጀት ምክክሮች በቅዝቃዜው ወራት ላይ ይወድቃሉ፤ ከቤቱ ለመውጣት ሰው የሚያስፈልገው አዛውንት በእነዚያ ወራት ስብሰባ ላይ ይገኛል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። መጠይቁ በኢንተርኔት ብቻ ሲሆን ወይም በቢሮ ቋንቋ ሲጻፍ የሚመልሱት የሚችሉት ብቻ ይሆናሉ። ለንደን ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ፣ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው አማርኛ ተናጋሪዎችም አሉ፤ ደብዳቤው በራቸው ሲገባ ልጅ ወይም ጎረቤት ካላነበበላቸው የጠፋ ወረቀት ነው። በቂ መረጃና በቂ ጊዜ የሚሉት መመዘኛዎች እንዲህ ላሉት ሰዎች ካልሠሩ ለሚያስፈልጋቸው ሰው አልሠሩም ማለት ነው። ምክር ቤቶች ሕጉን የሚያከብሩት ሰነዱን በማሳተም ሳይሆን ሰነዱ ሊደርሰው ወደሚገባው ሰው ጆሮ በማድረስ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አንባቢም እንግዳ አይደለም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 አስፈጻሚ ተቋማት መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አቅርበው አስተያየት እንዲቀበሉ ያዛል፤ ቅሬታ ያለው ሰውም ጉዳዩን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቅርቦ እንዲያስከልስ በር ይከፍታል። የአገሮቹ ሀብትም የፍርድ ታሪካቸውም ይለያያል፤ የእንግሊዝን መመዘኛ እንዳለ ማምጣትም አይቻልም። ግን አራቱ ጥያቄዎች አገር አይመርጡም። ረቂቁ የወጣው ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ ነው ወይስ ካለቀ በኋላ? ምክንያቱና ሌሎች አማራጮች ተነግረዋል? ለማሰብ ጊዜ ተሰጥቷል? የተሰጠው አስተያየት ምን እንደተደረገበት ተገልጿል? ለአስተያየት የተጠራ ዜጋ እነዚህን መጠየቅ ከለመደ አዋጁ ከወረቀት ይወጣል።

የእንግሊዝ ፍርዶች ሲጠቃለሉ የሚያስተምሩት ይህ ነው፤ ምክክር የሚድነው ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ነው። ከሳሽ ማዕከሉ ከተዘጋ በኋላ ቢረታ ትርፉ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ፍርዶቹ ሊነበቡ የሚገባው በምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ መጠይቁ ገና ሲረቀቅ ነው። ተጠቃሚውም በበኩሉ ደብዳቤው በደረሰው ዕለት ሌላ ምን አማራጭ ነበር፣ ለምን ተጣለ ብሎ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ቀኑን ይመዝግብ፤ ሦስቱ ወር ሳያልፍ ምክር ይፈልግ። እንክብካቤ የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ጊዜ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ከቤት የማይወጣ፣ በሌላው ትዕግሥት ላይ የሚኖር ሰው ነው። ስለ እርሱ ሲወሰን አለመጠየቅ ቀላል የሚሆነውም ለዚህ ነው። ሕጉ ይህን ቅለት ለመንፈግ ያህል ብቻ እንኳ ቢቆም፣ መቆሙ ተገቢ ነው።